ከክሊፑ ሥር ያለው ዝገት

እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር እኔ ጋ የሚመጣው የፍሬን ጥያቄ ይበዛል። ደብረ ማርቆስ ላይ ቱታ ከለበስኩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ መስከረምና ጥቅምት ሁሌም እንዲሁ ናቸው። ለዚህ እትም አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ እቆያለሁ፤ የጻፈው ሰው አሁንም እየነዳ ነውና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ1994 እ.ኤ.አ. ሞዴል ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ አለችኝ። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ማዳበሪያ እጭናለሁ፤ ስመለስ በቆሎና በርበሬ። ባለፈው ሳምንት የፍሬን ዘይቱ ጎደለ። ሞላሁት። በአራተኛው ቀን እንደገና ጎደለ። ጎማዎቹ አጠገብ የሚንጠባጠብ ነገር የለም። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ ይይዛል። ጓደኞቼ «ሸራው እያለቀ ስለሆነ ነው» ይሉኛል። አሁን የሥራ ሰዓት ነው። ዘይት እየጨመርኩ እስከ ጥምቀት ብሠራስ? — ከቡሬ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እስከ ጥምቀት አትጠብቅ። እስከ ነገም አትጠብቅ። ይህን ስታነብ መኪናዋ ቆማ ከሆነ እዚያው ትቁም።

ጓደኞችህ ያሉት ነገር መነሻ አለው። ሸራ፣ ማለትም ጎማውን ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል፣ ሲበላ ዘይቱ ከማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ከሚገፋው ክፍል) ዕቃ ላይ ዝቅ ይላል። ግን ያ በወራት የሚታይ ነው እንጂ በአራት ቀን አይደለም። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም። እንደ ራዲያተር ውሃ ተንኖ አያልቅም። መስመሩ ዝግ ነው። ከጎደለ፣ የሆነ ቦታ ወጥቷል።

ጎማዎቹን ማየትህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከማስተሩ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ ረጅም መንገድ አለ። ቱቦው ከማስተሩ ወርዶ በሻንሲው፣ በመኪናዋ የብረት አጽም፣ ጎን ይሄዳል። በነዳጅ ታንኩ አጠገብ ያልፋል። ኋላ ላይ ከጎማ ወደተሠራ ተጣጣፊ ቱቦ ይገባና ዲፈረንሻሉ (የኋላ እግሮቹን የሚያዞረው ክፍል) ላይ ለግራና ለቀኝ ይከፈላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሻንሲው ላይ የያዙት ክሊፖች አሉ። እኔ የምጠረጥረው እነዚያን ክሊፖች ነው። መሬት ላይ ጠብታ ያላየኸውም ለዚህ ይመስለኛል። ክሊፑ ላይ የተጋገረው ጭቃ ዘይቱን ይጠጣዋል። ጠብታ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ብዙ ቀን ይፈጃል።

ቱቦው ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ ከዚያ የፈራሁበት ምክንያት ይገባሃል። ከብረት የተሠራ ነው። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር ነው። የግድግዳው ውፍረት ደግሞ ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ። ከጥፍርህ እምብዛም አይወፍርም። ጎማህ ውስጥ ያለው ነፋስ ጭነት ይዘህም ጥቂት ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ፍሬን በኃይል ስትረግጥ ግን እዚያች ቀጭን ቱቦ ውስጥ 70፣ 100 ባር ይደርሳል። በቀስታ ስትረግጥ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ዝገት የበላው ቱቦ በየመንደሩ፣ በየማቆሚያው ቀስ ብለህ ስትረግጠው ይችላል። አንድ ቀን ሕፃን ወይም ከብት ፊትህ ሲገባ በሙሉ ጉልበትህ ትረግጣለህ። የሚፈነዳው ያኔ ነው። «ይይዛል» ያልከኝ ስለ ቀስታው ነው። በኃይል ስትረግጥ ይያዝ አይያዝ ገና አላወቅክም።

እኔ ይህን የተማርኩት ሉማሜ ላይ ነው። የአንድ ደንበኛዬን ፒክአፕ የኋላ ሸራ ቀይሬ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አብረን ወደዚያ ሄድን። የገበያ ቀን ነው። ፍጥነታችን ከ20 አይበልጥም። ጤፍ የተጫነች አህያ ከሰው መሃል ድንገት ወጣች። ደንበኛዬ ፍሬኑን በደንብ ረገጠው። ፔዳሉ ወለሉ ጋ ደረሰ። የማስተሩ ሁለት ክፍል ስላለ የፊቱ መስመር አልሞተም፤ መኪናዋ ቀዘቀዘች፣ ግን አልቆመችም። ከኋላ ጭነት ይገፋል። እኔ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ እሱ መሪውን ወደ ግራ ጠመዘዘው። መንገድ ዳር የተከመረ የባህር ዛፍ አጣና ላይ ገባን። አንዱ አጣና ራዲያተሩን በሳው። ሰው አልተጎዳም፤ አህያዋም እንዲሁ። ከአጣናው ኋላ ግን የባለ አጣናው ልጆች ቆመው ነበር።

በኋላ መኪናዋ ሥር ገባሁ። ቱቦው የተሰነጠቀው ከክሊፑ ሥር ነው። ስንጥቁ የገብስ ፍሬ ያህላል። እኔ ሸራ ስቀይር ከሠራሁበት ቦታ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ጭቃውን አይቼዋለሁ። በጣቴ ፈቅፍቄ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፍሬን ሥራ ይዞ የመጣ መኪና ጭቃው ሳይታጠብና ክሊፑ ሳይፈታ ከእጄ አይወጣም። ደንበኛ ይቸኩላል፣ አውቃለሁ። ይቸኩል።

ለምን እንደሚዝግ ደግሞ ልመለስበት፤ የአንተ ጭነት ነገሩን ያባብሰዋልና። ቱቦው ከፋብሪካ ሲወጣ ዝገት የሚከላከል ልባስ አለው። ክሊፑ ውስጥ አሸዋና ጭቃ ይገባል። መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር ያ አሸዋ ልባሱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ከዚያ እርጥቡ ጭቃ ባዶውን ብረት ይይዘዋል። ውጪው ደርቆ ሳለ ከክሊፑ ሥር ለሳምንታት እርጥብ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ነበር። እዚያ በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ከ1999 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተሠሩ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፖችና ትልልቅ መኪኖች የፍሬን ቱቦ እየዛገ ይፈነዳል ተብሎ፣ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤታቸው ለዓመታት መረመረ። ወደ 5 ሚሊዮን መኪና ነው የተመረመረው። በ2015 እ.ኤ.አ. መዝገቡን ሲዘጋ መኪኖቹ ለነፃ ጥገና እንዲጠሩ አላስገደደም። ጨውና ዕድሜ ያመጣው ነው፣ የሌሎች ፋብሪካዎች መኪኖችም ላይ ይታያል አለ። ለባለቤቶች የሰጠው ምክር ግን ይጠቅመናል፦ የመኪናውን ሥር እጠቡ፣ ሰባት ዓመት ያለፈውን በደንብ አስመርምሩ፣ ብረቱ ቅርፊት እየሆነ ከተነሣ ቱቦውን በሙሉ ቀይሩ።

ጎጃም ውስጥ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም። እኛ ግን ጨዉን ጭነን እንሄዳለን። ማዳበሪያ ለብረት እንደ ጨው ነው። ዩሪያውም ኤንፒኤሱም ከአየር እርጥበት ይስባል። ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው በስፖንዳው ስንጥቅ ወርዶ ሻንሲው ላይ ይቀመጣል። የሰኔ ዝናብ ያሟሟዋል። ያ ውሃ ብረት ይበላል። አሞሌም ሆነ የከረጢት ጨው የሚጭን ሰው ያው ነው። ከብት ጭኖ ገበያ የሚወስድም እንዲሁ፤ የከብት ሽንት በወለሉ ቀዳዳ የሚወርደው ቀጥታ ቱቦው ላይ ነው። እኔ ጋ የሚመጡትን ቱቦዎች ሳያቸው ሰው የጫኑትና ማዳበሪያ የጫኑት ይለያያሉ። ማዳበሪያ የጫኑት በአንድ ወገን፣ ጭነቱ በሚፈስበት በኩል፣ ቶሎ ያልቃሉ።

አሁን ምን ታደርጋለህ? መኪናዋን በቅርብ ወዳለ ጋራዥ አስጎትት። ላቫጆ ካለበት ይሻላል። መጀመሪያ ሥሯ በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ ጉድጓድ ላይ ትቁም፣ ጎማዎቿ በድንጋይ ይታገዱ። መካኒኩ በሞባይል መብራት ከማስተሩ ጀምሮ ቱቦውን በእጁ እየተከተለ ይሂድ። ክሊፖቹን ይፍታ። በጨርቅ ሲጠርገው የሚለቅ ቡናማ ቀለም ብቻ ከሆነ ገና ጊዜ አለው። ቱቦው ካበጠ፣ ቅርፊት ካወጣ፣ ወይም ጣትህ ጎርባጣ ነገር ከተሰማው አልቋል።

ከዚያ አንድ ፈተና አለ። ሰው ከሥር ይውጣ። ሞተሩ ይነሣ። መኪናዋ እንደቆመች ፔዳሉን ልክ ሕፃን እንደገባብህ አድርገህ ርገጠው፣ አንድ ደቂቃ ያዘው። ቀስ እያለ ከሰመጠ የሚያፈስ አለ። ከፈነዳም እዚያው ይፈንዳ፤ የቆመ መኪና ማንንም አይገጭም። ፔዳሉ እየሰመጠ ውጭ ላይ ምንም እርጥበት ከሌለ ማስተሩ ውስጡን ለቆ ይሆናል። ማስተሩን ከሰርቮው (የእግርህን ጉልበት ከሚያግዘው ክፍል) ለይቶ ከኋላው እርጥብ መሆኑን ማየት ነው። ሁለቱም አብረው ሊኖሩብህ ይችላሉ፤ አሮጌ መኪና ነው።

ቱቦው ከሆነ፣ የተበላሸውን ቦታ ቆርጦ መቀጠል ይሉሃል። እምቢ በል። አንድ ቦታ የበሳው ዝገት ሌላው ክሊፕ ሥር እየሠራ ነው። ዛሬ የቀጠልከው በገና ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ከማስተሩ እስከ ኋላ ሙሉውን ቀይር። ገበያ ላይ ከብረቱ ሌላ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ቱቦ ሊገኝ ይችላል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ጋ፣ ሰው ካለህ እሱን አስጠይቅ። አይዝግም፣ በእጅ ይታጠፋል። ንጹሕ መዳብ ግን አይሁን። በንዝረት እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ከማዳበሪያና ከከብት ሽንት የሚመጣው አሞኒያም ያጠቃዋል። ጫፉ ሁለቴ ተጣጥፎ የተሠራ ይሁን። ዳዶው ደግሞ የመኪናህን ጥርስ የሚገጥም፤ ሃይሉክስ ላይ አብዛኛውን 10 ሚሊ በ1.0 ጥርስ ነው። ዲፈረንሻሉ አጠገብ በስፕሪንግ የተያዘች፣ እንደ ጭነቱ የኋላውን ፍሬን የምትመጥን ቫልቭ አለች። እሷም በዝገት ትደርቃለች። አብሮ ትታይ። ቱቦው ከተፈታ የጎማ ቱቦዎቹም ከተሰነጣጠቁ አብረው ይቀየሩ።

ምን ያህል ያስወጣል እንደምትል አውቃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ወንድሜ። በርበሬው ጥቂት ቀን ቢቆይ አይበላሽም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሽዬ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ፒክአፑን በሾፌር አሠራለሁ። ሾፌሩ «የፍሬን ቱቦ በሙሉ ይቀየር» ብሎ ብር ጠየቀኝ። ሌላ መካኒክ ደግሞ «ትንሽ ቦታ ነው፣ በብየዳ እዘጋዋለሁ» አለኝ፤ ዋጋው በጣም ትንሽ ነው። ስለ መኪና አላውቅም። ማን እያታለለኝ ነው? — ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ እህቴ፣ ሐዘንዎን እግዚአብሔር ያጽናናዎት። ሾፌርዎ ልክ ነው። እዚያ መኪና ውስጥ የሚቀመጠው እሱ ራሱ ነው፤ ፍሬን ካልያዘ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱ ነው። ይህን ብሎ መጠየቁ ለመኪናውም ለእርስዎም ማሰቡ ነው።

ብየዳ ፍሬን ቱቦ ላይ አይሠራም። የሚቃጠለው ቦታ ልባሱን ያጣል፣ አጠገቡ ያለው ብረት ይሳሳል፣ በወራት ውስጥ ከዚያው አጠገብ ይዝጋል። ከዚህ የባሰም አይቻለሁ። አንዱን ጎማ ቱቦ በፒንሳ ጨፍልቆ አጥፎ መዝጋት። ያን ጊዜ መኪናዋ በሦስት እግር ነው የምትቆመው፣ ስትረገጥም ወደ ጎን ትሳባለች። በክላምፕ የታሰረ የጎማ ላስቲክ ያስገቡበትም ገጥሞኛል። በተጣበቀ ቀለበት የሚያያዝ የውሃ ቧንቧ ማገጣጠሚያም እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱም ለፍሬን አይሆንም።

ብርዎ በትክክል እንዲውል ግን ጥቂት ነገር ይጠይቁ። የወጣው አሮጌ ቱቦ ይምጣልኝ ይበሉ። ሙሉ ርዝመቱን በዓይንዎ ይዩ። ክሊፕ የነበረበትን ቦታ በእጅዎ ያጥፉት፤ ያለቀ ቱቦ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረካከሳል። የፍሬን ዘይቱ ቆርቆሮ እርስዎ ፊት ይከፈት። ማስተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው የፍሬን ዘይት ዓይነት ዶት 3 ከሆነ ያ ወይም ዶት 4 ይሁን። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም የሳሙና ውሃ እንዳያስገቡበት። እንደ ሞተር ዘይት ያለው የማዕድን ዘይት የማስተሩን ጎማ አሳብጦ ያበላሸዋል፤ ከዚያ ሌላ ወጪ ነው። ሥራው ሲያልቅ ፔዳሉ ወለል ሳይደርስ ጠንክሮ መቆም አለበት። እርስዎ ራስዎ ገብተው ይርገጡት። መኪና ባያውቁም ይህን እግርዎ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ ጋራዥ ከክረምት በፊት የመኪናውን ሥር በሙሉ በተቃጠለ ዘይት እንረጨዋለን፣ እንዳይዝግ። ባለፈው የአንዱ መኪና የፍሬን ጎማ ቱቦ አብጦ መጣ። ከዚያ ነው? — ከዳንግላ፣ ተለማማጅ መካኒክ

መልስ፦ አዎ፣ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ብረቱን ለጊዜው ይጠብቀዋል፣ ጎማውን ግን ያሳብጠዋል። የፍሬን ቱቦ ጎማ የሚሠራው የፍሬን ዘይትን እንዲችል ነው እንጂ የሞተር ዘይትን አይደለም። ሲያብጥ ውስጡ ይጠብባል። ያኔ ዘይቱ ሲረገጥ ይገባል፣ ሲለቀቅ አይመለስም። በዚያ በኩል ያለው ቸርኬ ታስሮ ይሞቃል። ያቺን መኪና ቸርኬዋን ከትንሽ ጉዞ በኋላ ነክተህ እያት፤ አንዱ ብቻ የሚያቃጥል ከሆነ ያቺ ቱቦ ናት። ደግሞ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራው ክሊፑን ይሞላዋል። ከመርጨት ይልቅ ሰኔ ሳይገባና መስከረም ሲጠባ ማጠብ ይሻላል። ማዳበሪያ የጫነ መኪና ደግሞ ባራገፈ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ቅባት ማድረግ ካለብህ ብረቱን ብቻ በእጅህ ቀባ። ጎማውን፣ ሸራውንና ዲስኩን አታስነካ። ይህን ማስተዋልህ ጥሩ መካኒክ ያደርግሃል።

ጥያቄ፦ ከደጀን ወደ ዓባይ ስወርድ መሃል ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ታች ድልድዩ ጋ ቆሜ ሲበርድ ይመለሳል። ቱቦ ነው? — ከደጀን

መልስ፦ አይመስለኝም። ሲበርድ የሚመለስ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ ውሃ አለ ማለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል። ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ይወርዳል። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የምትወርደው። ታች ደግሞ ሙቀት ነው። ፍሬን እየረገጥክ ከወረድክ ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ፔዳሉም እንፋሎቱን ነው የሚጨምቀው።

ዘይቱን በሙሉ አስለውጥ። ከእንግዲህም በየሁለት ዓመቱ። እስክታስለውጥ ድረስ ገደሉን አትውረድ። በውሃ የቆየ ዘይት ማስተሩንና የጎማ ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል። ስለዚህ ሲወጣ ቀለሙን እይ፤ ጠቁሮ ዝቃጭ ካለው ሲሊንደሮቹም ይከፈቱ።

አወራረድህን ደግሞ አስተካክል። ገደሉን በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ። ከመጀመሪያው መታጠፊያ በፊት አስገባው፤ መኪናዋ ከፈጠነች በኋላ አይገባልህም። ፎሌ አድርገህ (ማርሹን ነፃ አውጥተህ) ወይም ሞተር አጥፍተህ ነዳጅ ቆጠብኩ አትበል። ሞተሩ ሲጠፋ ሰርቮው ይሞታል፣ መሪውም ይከብዳል። ፍሬኑን ረዥም አትያዘው። አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ ርገጥ፣ ልቀቅ፣ ይተንፍስ።

ፔዳሉ ወለል ቢነካብህ ቶሎ ቶሎ ደጋግመህ ርገጠው፤ አንዳንዴ ይመለሳል። ማርሹን ዝቅ አድርግ። የእጅ ፍሬኑ በገመድ ነው የሚሠራው፣ ዘይት አይፈልግም። የእጅ ፍሬኑን መልቀቂያ ቁልፍ ተጭነህ ቀስ እያልክ ሳበው፣ እንዳይቆለፍ። አማራጭ ካጣህ መኪናዋን ወደ ተራራው በኩል አስጠጋ። ወደ ገደሉ አይደለም።

ገመዱ ራሱ እንደሚሠራ ግን ከመውረድህ በፊት ደጀን ላይ፣ ዳገት ላይ አቁመህ ፈትነው። ብዙ ፒክአፕ ላይ ዝጎ ቆሞ አገኘዋለሁ።